የአሻንጉሊት ጠጉር

የአንድ ዕቃ ዋጋ የሚታወቀው በገበያ ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ወደ አንዲት ሕፃን መኝታ ቀረብ ብሎ እንዲመለከት እመክረዋለሁ። በክንዷ ያቀፈቻትን አሻንጉሊት ያያል። አሻንጉሊቷ አንድ ዓይኗ አልከደን ያላት፣ ቀሚሷ የነተበ፣ ጠጉሯ እንደ ተባዘተ ጥጥ የተንጨባረረ ልትሆን ትችላለች። ለነጋዴ ብትቀርብ አምስት ሳንቲም አታወጣም። ነገር ግን ከሕፃኒቱ ክንድ ቀስ ብሎ ሊወስዳት ቢሞክር፣ ሕፃኒቱ በእንቅልፏ ውስጥ ሆና እንኳ አጥብቃ ትይዛታለች። እንግዲህ ስለ ዋጋ ከሕፃኒቱ ይልቅ ነጋዴው ያውቃል ለማለት እንዴት ይቻላል?

እኔ በአዳማ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ የማገለግል ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የምውለው ከፋይልና ከደብዳቤ ጋር ስለ ሆነ፣ ስለ አሻንጉሊት ጠጉር ለመጻፍ ብዕር ማንሣቴን የሚሰሙ ባልደረቦቼ ፈገግ ሳይሉ አይቀሩም። ሆኖም ባለፈው በጋ ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጧት በዚሁ ጉዳይ ላይ ስደክም ቆይቼ፣ ነገሩ ከቧልት የራቀ መሆኑን ስለ ተረዳሁ፣ ያየሁትንና የተማርሁትን ለአንባቢዎች ባካፍል ይጠቅም ይሆናል ብዬ አሰብሁ።

እኔና ታናሽ እኅቴ ያደግነው ከአዳማ ጥቂት ኪሎ ሜትር በምትርቀው በወንጂ ነው። አባታችን በሸንኮራው እርሻ ሠራተኛ ነበር። በ1946 ዓ. ም. ስኳር ማምረት የጀመረው ያ ፋብሪካ በልጅነታችን ዘመን ገና በሥራ ላይ ነበር። በዚያ ጊዜ ከሱቅ የተገዛ አሻንጉሊት በሰፈራችን አይታወቅም፤ ልጃገረዶች ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ልጆቻቸውን የሚሠሩት ከእንጨትና ከጨርቅ ቍራጭ ነበር። እኅቴ ግን የበቆሎ እሸት በሚደርስበት ወራት አንዱን እሸት መርጣ ትወስድና፣ በጫፉ ላይ የሚንዠረገገውን ወርቅ መሳይ ክር እንደ ጠጉር ለሁለት ከፍላ ትጎነጉነው ነበር። የዚያች አሻንጉሊት ዕድሜ አጭር ነው። በማግሥቱ ክሩ ይጠወልጋል፤ በሦስተኛው ቀን ይጠቁርና ይሰባበራል። አንዳንድ ጊዜም እናታችን ነገሩን ሳታውቅ አሻንጉሊቷን ጠብሳ ታቀርብልናለች። እኅቴ እያለቀሰች ትበላ እንደ ነበር አስታውሳለሁ።

የፋብሪካ አሻንጉሊት ነገር ከዚህ የተለየ ነው። በቀድሞ ዘመን በአውሮፓ ይሠሩ የነበሩት ጥሩ ጥሩ አሻንጉሊቶች ጠጉራቸው ከሰው ጠጉር፣ ወይም ሞሄር ከሚባለው ከአንጎራ ፍየል ጠጉር ይዘጋጅ ነበር። በ1927 ዓ. ም. አሜሪካዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ዋላስ ካሮተርስ በዱፖንት ኩባንያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ናይለንን ካስገኘ ወዲህ ግን፣ ከፍየል ጀርባ ይሸለት የነበረው ነገር ቀስ በቀስ በፋብሪካ ይፈተል ጀመር። በ1951 ዓ. ም. በኒው ዮርክ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየችው ባርቢ የተባለችው ዝነኛ አሻንጉሊት ጠጉሯ ሳራን ከሚባል ሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ነበር። ዛሬ በየገበያችን ከሚሸጡት የአንዳንዶቹ ናይለን ነው፤ የአንዳንዶቹም ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ርካሹ ክር ነው። ይህ ጠጉር ለስላሳ ፕላስቲክ በሆነው ራስ ላይ በመርፌ እየተወጋ፣ ጥቂት ጥቂት እየሆነ ይተከላል። ከዚህም የሚከተል አንድ ትልቅ ቁም ነገር አለ። የሰው ጠጉር ቢነቀል ይበቅላል፤ የአሻንጉሊት ጠጉር ግን አንድ ጊዜ ከተነቀለ በራሱ ተመልሶ አይበቅልም።

የልጄ አሻንጉሊት ወደ ቤታችን የገባችው በእኅቴ እጅ ነው። እኅቴ ትምህርቷን ከጨረሰች በኋላ በአዳማ ከእኛ ጋር ተቀምጣ በአንድ ሱቅ ትሠራ ነበር፤ ልጄንም ከመወለዷ ጀምሮ ከእናቷ ጋር ሆና አሳድጋታለች። ልጄ ሁለት ዓመት ሲሞላት እኅቴ ከደመወዟ ቆጥባ አሻንጉሊቷን ገዛችላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ በቤታችን አንድ ሥርዓት ነበር። እኅቴ በበርጩማ ላይ ትቀመጣለች፤ ልጄ በእኅቴ ጉልበቶች መካከል ትቀመጣለች፤ አሻንጉሊቷ ደግሞ በልጄ ጉልበቶች መካከል ትቀመጣለች። እኅቴ የልጄን ጠጉር ስታበጥር ልጄ የአሻንጉሊቷን ታበጥራለች። የልጄ እጅ ገና ስላልጠነከረ የጎደለውን እኅቴ ትሞላው ነበር።

ልጄ አራት ዓመት ሲሆናት እኅቴ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ቤሩት ሄደች። የሄደችበትን ምክንያት መዘርዘር አያስፈልግም፤ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች እኅቱን ወይም ልጁን ወደ ዐረብ ሀገር የሸኘ ቤት ብዙ ስለ ሆነ፣ አንባቢው ራሱ ያውቀዋል። ከዚያ ወዲህ የልጄን ጠጉር እናቷ ታበጥርላታለች። አሻንጉሊቷን ግን ልጄ ለማንም አላስነካ አለች። እናቷ ማበጠሪያ ይዛ በቀረበች ቁጥር፣ «አክስቴ ስትመጣ ታበጥራታለች» እያለች ከጀርባዋ ትደብቃት ነበር። እንዲህ ሲሆን ሁለት ዓመት ዐለፈ።

አዳማ የነፋስ ከተማ መሆኗ የታወቀ ነው። በከተማይቱ አጠገብ በሚገኙት ኮረብታዎች ላይ የተተከሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የመጀመሪያው በ2004 ዓ. ም.፣ ሁለተኛው በ2007 ዓ. ም. ተሠርተው፣ 136ቱ ተርባይኖች በአንድነት 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት ችሎታ አላቸው። ይህ ነፋስ ለሀገር ብርሃን ይሰጣል፤ ሆኖም በበጋ ወራት አቧራውን እያነሣ በየቤቱ ያስገባዋል። አየሩ ደረቅ በሆነበት ስፍራ ናይለን ከልብስና ከትራስ ጋር በተፋተገ ቁጥር ኤሌክትሪክ ይቋጥራል። ኤሌክትሪክ የቋጠረ ጠጉር እርስ በርሱ እየተገፋፋ ይቆማል፤ አቧራንም ወደ ራሱ ይስባል። በዚያ ላይ የሕፃን እጅ ላብ፣ የወጥ ቅባትና የብርድ ልብስ ብናኝ ሲጨመርበት፣ ክሩ ከክሩ ጋር ተጣብቆ እንደ ተዳመጠ ሱፍ ይሆናል። በውጭ ለከተማው መብራት የሚያመነጨው ነፋስ በቤት ውስጥም በአሻንጉሊቷ ራስ ላይ የራሱን ኤሌክትሪክ ያመነጭ ነበር ማለት ነው።

አንድ ቀን እኅቴ በስልክ ደውላ ውሏን ለሌላ ሁለት ዓመት ያራዘመች መሆኗን ነገረችን። ልጄ አጠገባችን ቆማ ትሰማ ነበር፤ ምንም አልተናገረችም። በሳምንቱ ጧት ቆራሌው በሰፈራችን እየጮኸ ሲያልፍ፣ ልጄ አሻንጉሊቷን በእግሯ አንጠልጥላ ከመኝታ ቤት ወጣችና፣ «አባዬ፣ ይቺን ለቆራሌው ስጥልኝ። ጠጉሯ ከርዳዳ ሆኗል። አክስቴም አትመጣም» አለችኝ። ድምፅዋ የቁጣም የልቅሶም አልነበረም። አንድ ጸሓፊ ጉዳዩ ያለቀለትን ፋይል ወደ ግምጃ ቤት ሲልክ እንደሚናገረው ያለ ነበር። የስድስት ዓመት ልጅ እንደዚህ ስትናገር መስማት ከልቅሶ ይልቅ ያስደነግጣል።

ቆራሌውን በባዶ እጁ ሸኘሁት። ከልጄ አነጋገር ውስጥ ሁለት ነገር በልቤ ቀረ። አንደኛው የአክስቷ ነገር ነው። ሁለተኛው ከሰፈር ልጆች የተማረችው «ከርዳዳ» የሚለው ቃል ነው። ይህ ቃል በአፋችን ላይ እንደ ስድብ ሆኖ ሲነገር መኖሩ ያስገርማል። የብዙዎቻችን ጠጉር በተፈጥሮው ተጠቅልሎ የሚበቅል ነው። በፋሺስት ወረራ ዘመን በዱር በገደል የተዋጉት አርበኞቻችን ጎፈሬያቸው የጀግንነታቸው ምልክት ነበር። ዛሬም በመተሐራና በፈንታሌ አካባቢ የሚኖሩት የከረዩ ጎበዛዝት ጎፈሬያቸውን በቅቤ ቀብተው፣ ሚዷቸውን ሰክተው ሲሄዱ፣ ጠጉራቸው የሚያሳፍራቸው ሳይሆን የሚኮሩበት ነው።

በባሕር ማዶም ይህን የመሰለ ነገር ተመርምሯል። ኬኔት ክላርክና ማሚ ክላርክ የተባሉት ባልና ሚስት፣ ጥቁር አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ሊቃውንት፣ ከቀለማቸው በቀር ልዩነት የሌላቸውን አሻንጉሊቶች ለጥቁር ሕፃናት እያቀረቡ የትኛዋ መልካም እንደ ሆነች ይጠይቁ ነበር። ከሕፃናቱ የሚበዙት ነጯን መረጡ። ይህ ምርምር በግንቦት ወር 1946 ዓ. ም. የአሜሪካ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ልጆችን በዘር ለይቶ ማስተማር ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሲፈርድ ከጠቀሳቸው ጥናቶች አንዱ ሆኗል። ስለ አሻንጉሊት የተነገረ ቃል አሻንጉሊቷን በያዘችው ልጅ ላይ እንደሚያርፍ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ስለዚህ ልጄን ከጉልበቴ ላይ አስቀምጬ፣ «የእኔ ልጅ፣ ከርዳዳ ማለት ስድብ አይደለም፤ የእኔም የአንቺም ጠጉር ከርዳዳ ነው። የእርሷ ግን የተቋጠረ ነው። የተቋጠረ ነገር ይፈታል» አልኋት። እርሷም ጥቂት አሰበችና፣ «ማን ይፈታዋል?» ብላ ጠየቀችኝ።

በሰፈራችን ሹሩባ በመሥራት የታወቁ አንዲት እናት አሉ። ከሴቶች ጠጉር ጋር ሰው ሠራሽ ጠጉር እያያዙ ሲጎነጉኑ ብዙ ዘመን ያሳለፉ ስለ ሆኑ፣ አሻንጉሊቷን ይዤ ወደ እርሳቸው ሄድሁ። ጠጉሯን በጣታቸው ዳሰው፣ «እትዬ፣ ይድናል ወይ?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ችኩል ካልነካው ይድናል» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ልጄ፣ ጠጉርን ከሥሩ የሚጀምር ሰው ጠጉር አያውቅም። ከጫፍ ነው የሚጀመረው። ጫፉን ሳትፈታ ማበጠሪያውን ከላይ ብታወርደው፣ ቋጠሮውን ሁሉ ሰብስበህ ታከማቸዋለህ፤ ከዚያ ወዲያ መንቀል እንጂ መፍታት የለም» ብለው አስተማሩኝ። ጎንጉነው ሲጨርሱ የሰው ሠራሹን ጠጉር ጫፍ በሙቅ ውኃ ነክረው እንደሚያጸኑት ነገሩኝና፣ ለአሻንጉሊቷም ሙቅ ውኃ መድኃኒቷ መሆኑን አስረዱኝ።

ሥራውን የጀመርነው ዓርብ ማታ ነው። በመጀመሪያ ዓይኗን በጨርቅ ሸፈንነው። ዓይናቸው የሚከደንና የሚገለጥ አሻንጉሊቶች በውስጣቸው የብረት ሽቦ ያላቸው ስለሚገኙ፣ ውኃ ከገባባቸው ይዝጋሉ። ከዚያም ፊቷን ወደ ላይ፣ ጠጉሯን ወደ ታች አድርገን፣ ጠጉሯ ብቻ እንዲርስ በቀዝቃዛ ውኃና በጥቂት ሻምፑ አጠብነው። የመጀመሪያው ውኃ እንደ ጠላ አተላ ሆኖ ወረደ፤ አራተኛው ብቻ ጠራ። ከዚህ በኋላ የልብስ ማለስለሻ በውኃ አቅጥነን፣ ጠጉሯን ብቻ በሳሕን ውስጥ ነክረን አሳደርነው። ማለስለሻው በክሩ ላይ ስስ ሽፋን ስለሚያበጅ ክሩ በክሩ ላይ መንሸራተት ይችላል፤ የኤሌክትሪኩንም መቋጠር ይቀንሰዋል።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጠጉሯን በስምንት ክፍል ከፈልሁትና ሰባቱን በልብስ መቆንጠጫ ያዝኋቸው። የቀረውን አንዱን ክፍል ከቋጠሮው በላይ በግራ እጄ ጣቶች አጥብቄ ያዝሁ፤ ይህም ማበጠሪያው ሲስብ ጉልበቱ እጄ ላይ እንዲያርፍና ሥሩን እንዳይነቅል ነው። ከዚያም ጥርሱ ሰፋፊ በሆነ የብረት ማበጠሪያ ከጫፉ ጀመርሁ። የብረት መሆኑ የሚጠቅመው የፕላስቲክ ማበጠሪያ ናይለን ሲፋትግ ኤሌክትሪኩን ስለሚያበዛው ነው። አንድ ጣት ያህል ሲፈታ አንድ ጣት ያህል ወደ ላይ ከፍ እላለሁ። በዚህ ሁኔታ አንዱን ክፍል ለመጨረስ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። በመዝገብ ቤት ሥራዬ ብዙ የተደባለቀ ፋይል ለይቻለሁ፤ ከዚህ የባሰ ግን አላጋጠመኝም። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ለልጄ ስነግራት፣ «ዕንቁላሉ ግን ዛሬ አይደርስም» ብላ አሳቀችኝ።

ከቋጠሮው ውስጥ ብዙ ነገር ወጣ። የብርድ ልብስ ክር፣ የሣር ቅጠል፣ የከረሜላ ወረቀት ቅዳጅ፣ የሻማ ጠብታ። ልጄ እያንዳንዱን በመዳፏ ተቀብላ ከየት እንደ መጣ ትነግረኝ ነበር። «ይህ ሣር ሶደሬ የሄድን ቀን ነው፤ ይህ ሻማ መብራት የጠፋ ጊዜ ነው» እያለች ሁለቱን ዓመት አንድ በአንድ ቆጠረችው። እኔ በጽሕፈት ቤት ከማስቀምጣቸው መዛግብት መካከል እንደዚያ ራስ ሳይሳሳት የተያዘ መዝገብ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ሌሊቱ ሲገፋ፣ ከማጅራቷ በስተቀኝ በኩል ባለው በመጨረሻው ክፍል፣ ከቋጠሮው እምብርት ውስጥ ማበጠሪያው አላልፍ አለ። ክሩን በመርፌ እየከፈልሁ ስመለከት ያገኘሁት ቋጠሮ አልነበረም። ከስንዴ አገዳ የማይወፍር፣ ጫፉ በቀይ ክር የታሰረ ጉንጉን ነበር። ጉንጉኑ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ሁሉ ትብትብ ተሸፍኖ ስለ ኖረ፣ አቧራም እጅም አልነካውም፤ እንደ ተሠራ ነበር። ልጄ አየችውና ማበጠሪያውን በሁለት እጇ ያዘች። «አባዬ፣ ይህን አትፍታው። ይህን የሠራችው አክስቴ ናት» አለችኝ።

በዚህ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። ያሰብሁት ጠጉሯ ሁሉ ተፈትቶ፣ ከሱቅ እንደ ወጣችበት ቀን እኩል ሆኖ እንዲወርድ ነበር። አንዲት ጉንጉን ከቀረች ሥራው አልተፈጸመም ማለት ነው። ነገር ግን ዕቃን ማደስ ማለት በላዩ ላይ ያለፈውን ሁሉ ማጥፋት ከሆነ፣ አዲስ መግዛት ይቀላል። ይቺ አሻንጉሊት ከሌሎቹ ሁሉ የምትለየው የእኅቴ እጅ ስለ ዳሰሳት ነው፤ ያም እጅ በግልጽ የሚታየው በዚያች ጉንጉን ላይ ነበር። ጉንጉኗ ቀረች። በዙሪያዋ ያለው ግን ሁሉ ተፈታ።

እሑድ የሙቅ ውኃው ተራ ሆነ። ናይለን ሲሞቅ በውስጡ ያሉት ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ይላላሉ፤ ሲቀዘቅዝም በያዙት ቅርጽ ይጸናሉ። ስለዚህ የተጣመመው ክር በሙቀት ላልቶ በማበጠሪያ ከተቃና በኋላ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ሲፈስበት ቀጥ ብሎ ይቀራል። በባሕር ጠረፍ ውኃ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በምትገኘው በአዳማ ግን 95 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል። ለአሻንጉሊት ጠጉር ያም ይበዛልና፣ ውኃው ከእሳት ከወረደ በኋላ ጥቂት እስኪበርድ መጠበቅ ይገባል። አስቀድሞም ከማጅራት በኩል በማይታይ ስፍራ ጥቂት ክር ነክሮ መፈተን ያስፈልጋል፤ የክሩ ዓይነት ልዩ ልዩ ነውና። የልብስ ካውያና የጠጉር ማድረቂያ ግን ፈጽሞ ሊቀርቡት አይገባም። የተቋጠረ ክር ይፈታል፤ የቀለጠ ክር ግን ማንም አይመልሰውም። ሙቁን ውኃ ከጠጉሯ ላይ ቀስ ብዬ አፈሰስሁ፤ አበጠርሁ፤ ቀዝቃዛውንም አከታተልሁበት። ያቺ ጉንጉን በሙቁ ውኃ ላልታ፣ በቀዝቃዛው ጸናች። ከእንግዲህ ወዲያ በቀላሉ የምትፈታ አይደለችም። ከዚያም በጥላ ውስጥ እስከ ሰኞ ጧት ደረቀች።

እውነቱን ለመናገር አሻንጉሊቷ አዲስ አልሆነችም። የሻከረው የጠጉሯ ጫፍ አንድ ጣት ያህል ተቆርጧል፤ በግንባሯ በኩልም ክሩ የሳሳበት ስፍራ አለ። የላይኛው ሽፋኑ የተፋቀ ክር የቀድሞ አንጸባራቂነቱን መልሶ አያገኝም። ነገር ግን ጠጉሯ ይበጠራል፤ ጣትም ሳይያዝ ያልፍበታል።

በዚያው ሳምንት እኅቴ ስትደውል ልጄ አሻንጉሊቷን በስልኩ ፊት አቁማ አሳየቻት። እኅቴ ስለ ጠጉሩ ማማር አመስግና፣ ማን እንደ ሠራው ጠይቃ ሳቀች። ቀጥሎ ልጄ አሻንጉሊቷን አዞረችና ማጅራቷን አሳየች። በዚያ ወገን ዝምታ ሆነ። ከዚያም እኅቴ በለሆሳስ፣ «እንዴ፣ ያቺ ጉንጉን እስከ ዛሬ አልተፈታችም?» አለች። ልጄም፣ «አልተፈታችም። ስትመጪ አንቺ ትፈቻታለሽ» ብላ መለሰችላት። ከሁለት ዓመት በፊት ትለው የነበረውን ቃል መልሳ በመናገሯ፣ እኔና ባለቤቴ ዓይን ለዓይን ተያየን።

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል ሕፃናት ያሏችሁ ወላጆችና መምህራን፣ ያረጀ አሻንጉሊት ለመጣል ከመቸኮላችሁ በፊት የተቋጠረው ጠጉር ምን እንደ ያዘ አስቀድማችሁ ብትመለከቱ መልካም ነው። ሥራው የሚጠይቀው አንድ ሳሕን ውኃ፣ ጥቂት ማለስለሻና ሰፋፊ ጥርስ ያለው ማበጠሪያ ነው፤ ከእነዚህም ሁሉ በላይ ከጫፍ ለመጀመር የሚፈቅድ እጅ ያስፈልጋል። እኔ አሁን ቅዳሜ ማታ በርጩማው ላይ እቀመጣለሁ፤ ልጄ በጉልበቶቼ መካከል ትቀመጣለች። ሹሩባ መሥራት ገና አላወቅሁም፤ ማበጠር ግን ለምጃለሁ። ልጄም የአሻንጉሊቷን ጠጉር ስታበጥር፣ ከጉንጉኗ ስትደርስ ማበጠሪያዋን ታነሣና በዙሪያዋ ታልፋለች።